የገንዘብ መዝገብ ስንመርጥ አስቀድመን መውጫ በሩን እንይ

መቼም በዚህ ገጽ ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ካፌው ምግብና ስለ ፈተና ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሳው ነገር ትንሽ ደረቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው፤ ያውም ስለ ሂሳብ መያዣ፤ ያውም ሊኑክስ ላይ ስለሚሠራው። ገጹን ለማለፍ የቸኮላችሁ ካላችሁ እስቲ ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ የጀመረው ከእህቴ ስልክ ነው።

ታላቅ እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በየወሩ የምትልከው ገንዘብ የሚገባው በኔ የባንክ ሂሳብ ነው፤ እናታችን ከባንክ ሰልፍም ሆነ ከሞባይል ባንኪንግ ጋር አትስማማም። ከሚመጣው ላይ የእማዬን የደም ግፊት መድኃኒት እገዛለሁ፣ የቤት ኪራይ እከፍላለሁ፣ የታናሽ ወንድማችንን የትምህርት ቤት ወጪ እሸፍናለሁ። ለኔም የኪስ ትቀነሳለች። የተረፈው የእህቴ ቁጠባ ነው። ስትመለስ ትንሽ ሱቅ ልትከፍት ያሰበችው በሱ ነው። እንግዲህ እኔ ሳልሾም የቤቱ ገንዘብ ያዥ ሆኛለሁ።

ሂሳቡን መያዝ የጀመርኩት 12ኛ ክፍል እያለሁ፣ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። የተጠቀምኩት ከአንድ ጓደኛዬ በፍላሽ የገለበጥኩትን ፕሮግራም ነበር። ስሙን መጥራት አልፈልግም። ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ፣ ባለቀለም ግራፍ የሚያወጣ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ነገር ነው። ክራክ የተደረገ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ማን ገዝቶ ይጠቀማል ብዬ አለፍኩት። 20 ወር ሙሉ ሳላቋርጥ መዘገብኩ። ከዚያ ላፕቶፔ በቫይረስ ተመታና ዊንዶውሱን እንደገና ማስጫን ግድ ሆነ። ፋይሉን በፍላሽ አስቀምጬው ስለነበር ብዙም አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት በኋላ ነው። ፕሮግራሙን መልሼ ስጭነው የፈቃድ ቁጥር ጠየቀኝ፤ የድሮው ክራክ አልሠራ አለ። ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም ልክፈተው ብል ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ተደረደረብኝ። የ20 ወር መዝገብ እጄ ላይ ነበር፤ ላነበው ግን አልቻልኩም።

በዚያው ሰሞን እህቴ ደወለች። «እስካሁን ስንት ደርሶልኛል?» አለችኝ። «ትንሽ ቆይቼ ልንገርሽ» አልኳት። በሳምንቱ እንደገና ጠየቀች። ኮምፒዩተሬ ተበላሽቷል አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት «አንተ፣ ብሩን በላኸው እንዴ?» አለች። ይህን ስትል ድምጿ ፈራ ብሏል። እኔ ደግሞ አፈርኩ። ብሩን አልበላሁትም። ግን አለመብላቴን የማሳይበት ነገር አልነበረኝም።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የኔው ተጽፎም አልተወረሰም። ለምን ቢባል ጽሑፉ የተቆለፈው በሌላ ሰው ቁልፍ ነበርና። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው። የገንዘብ መዝገብ የምንይዝበትን ፕሮግራም ስንመርጥ «ምን ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ይሁን። አንደኛው «ነገ ከዚህ ብወጣ መዝገቤን ይዤ እወጣለሁ ወይ?» የሚለው ነው።

ወደ ሊኑክስ የገባሁት እንዴት ነው?

እውነቱን ለመናገር በፍልስፍና አይደለም፤ በችግር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። እህቴ የገዛችልኝ አሮጌ ላፕቶፕ ይህን አያሟላም። አዲስ ለመግዛት አቅሙ የለኝም። ሌላ ክራክ መፈለግ ደግሞ እንደገና ወደዚያው ጉድጓድ መመለስ ሆነብኝ።

ሊኑክስን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው ነው። ያኔ ዕድሜው 21 ነበር፤ ልክ እንደኔ። (እኔ በ21 ዓመቴ የእህቴን ሂሳብ አጥፍቻለሁ፤ ሰውና ሰው ይለያያል!) ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ይጠቀምበታል፣ ይቀዳዋል፣ ያሻሽለዋል። በሱ ላይ ከተሠሩት ስርዓቶች አንዱ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመረው ኡቡንቱ ነው። እኔ ለአሮጌ ኮምፒዩተር ቀለል ያለውን ዓይነት፣ ዙቡንቱን ጫንኩ። ላፕቶፑ እንደገና ነፍስ ዘራ።

ከዚያ የሂሳብ ፕሮግራም ፍለጋ ጀመርኩ። በዓለም ላይ በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሳው ኩዊክን ለዊንዶውስና ለማክ እንጂ ለሊኑክስ አልተሠራም። ዋይን በሚባል ማስተናገጃ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ ለማስነሳት መሞከር ይቻላል፤ ግን ሁሉም እንደልብ አይሠራም። በገንዘብ መዝገብ ደግሞ «አንዳንዴ ይሠራል» የሚባል ነገር አያዋጣም።

በሩ የሚዘጋው በክራክ ብቻ አይደለም

«አንተ የተጎዳኸው ሰርቀህ ስለተጠቀምክ ነው፤ ከፍለህ ብትገዛ ይህ አይደርስብህም ነበር» የሚል ይኖራል። ግማሹን እቀበላለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ነገር ግን ከፍለው የገዙትም፣ በሕጋዊ መንገድ በነፃ የተጠቀሙትም አንድ ቀን በሩ ተዘግቶባቸዋል።

ማይክሮሶፍት መኒ የሚባል የግል ሂሳብ ፕሮግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ወጥቶ ብዙ ሰው ለዓመታት ተጠቀመበት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ሽያጩን አቆመ፤ የኢንተርኔት አገልግሎቱም እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ተዘጋ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሰዎች የድሮ መዝገባቸውን መክፈት እንዲችሉ ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሠራ የመጨረሻ ቅጂ ለቆ ነበር። ሌላው ሚንት ነው። ኢንቱዊት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ገዝቶት፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ዘጋው። ተጠቃሚዎቹ የገንዘብ እንቅስቃሴያቸውን ሲኤስቪ በሚባለው ቀላል የሰንጠረዥ ፋይል ማውረድ ይችሉ ነበር፤ በጊዜ ያወረዱት መዝገባቸውን ይዘው ወጡ።

አያችሁ? ትልቅ ኩባንያ መሆን ዋስትና አይደለም። ኩባንያ ያዋጣኛል ባለው ቀን ይከፍታል፣ አያዋጣኝም ባለው ቀን ይዘጋል። መብቱ ነው። የኛ ድርሻ ደግሞ ሲዘጋ መዝገባችን ውስጥ እንዳይቀር ማድረግ ነው።

ሦስቱ ዕጩዎች

ሊኑክስ ላይ ብዙ አማራጭ አለ። እኔ በደንብ ያየኋቸው ሦስት ናቸው። ሦስቱም በነፃ የሚገኙ፣ ኮዳቸው ክፍት የሆነ፣ ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ የሚሠራጩ ናቸው። ይህ ፈቃድ ባለቤቱ ሥራውን ቢተው እንኳ ሌላ ሰው ኮዱን አንስቶ እንዲቀጥል ይፈቅዳል። ይህም አንድ መውጫ በር ነው።

አንደኛው ሆምባንክ ነው። ማክሲም ዶየን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 አሚጋ ለሚባለው ኮምፒዩተር ጀምሮት ኋላ ወደ ሊኑክስ ያሻገረው ነው። በጣም ቀላል ነው። ገቢና ወጪ ትጽፋላችሁ፣ እያንዳንዱን በዓይነቱ ትመድባላችሁ፣ በወሩ መጨረሻ ለታክሲ ስንት፣ ለሻይ ስንት እንደሄደ ያሳያችኋል። ለኪስ ገንዘብ ከበቂ በላይ ነው። ፋይሉ ኤክስኤምኤል በሚባል የጽሑፍ ዓይነት ስለሚቀመጥ በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ተከፍቶ ይነበባል።

ሁለተኛው ኬማይመኒ ነው። ኬዲኢ የሚባለው የክፍት ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ሥራ ነው። መልኩ ያምራል፤ ድሮ ኩዊክን ወይም መኒ የለመደ ሰው ብዙ አይቸገርበትም። እኔ የተውኩት በራሱ ጥፋት አይደለም። ከሱ ጋር አብረው የሚወርዱት ተጨማሪ ፋይሎች ለኔ ማሽንም ለኔ ኢንተርኔትም ስለከበዱ ነው።

ሦስተኛው ግኑካሽ ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ። መልኩ አይማርክም፤ ስትከፍቱት የሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጣችሁ ይመስላችኋል። የሚሠራው በደብል ኢንትሪ ነው፤ እያንዳንዱ ብር ሁለት ቦታ ይጻፋል። ለእማዬ መድኃኒት 800 ብር ከከፈልኩ፣ ከባንክ ሂሳቤ 800 ይወጣል፣ መድኃኒት በሚለው ሂሳብ 800 ይገባል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አንድ ቦታ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ዘዴው የቆየ ነው፤ ሉካ ፓቾሊ የተባለው ጣሊያናዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የነጋዴዎቹን አሠራር ዘርዝሮ አስረድቶታል።

እኔ የመረጥኩት ግኑካሽን ነው። ምክንያቶቼን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ በሩን ፈተሽኩት። ሦስት ቀን ያህል ከመዘገብኩ በኋላ ፋይሉን ወስጄ ከፕሮግራሙ ውጪ ከፈትኩት። ተጨምቆ የተቀመጠ ስለሆነ መጀመሪያ መፍታት ያስፈልጋል። ከዚያ በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ሲከፈት «የእማዬ መድኃኒት» ብዬ የጻፍኩት በአማርኛ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ። በሲኤስቪም ያወጣል፤ ያንን ደግሞ ማንኛውም የሰንጠረዥ ፕሮግራም ይከፍተዋል። ጉድለትም አለው፤ ኪውአይኤፍ የሚባለውን የድሮ የመለዋወጫ ፋይል ይቀበላል እንጂ አያወጣም። ሆምባንክ ግን ያወጣል።

ሁለተኛ፣ የምንዛሪ ነገር ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ድርሃም ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ስለሆነ አብሮ ሄደ። በዚህ ስሌት ወደ 7,800 ብር ይመነዘር የነበረው 500 ድርሃም ከ13,600 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። እህቴ የምታስበው በድርሃም ነው፣ እኔ የማወጣው በብር ነው። ግኑካሽ ለእያንዳንዱ ዝውውር የዕለቱን ተመን አብሮ ይይዛል። «በመስከረም የላክሁት ስንት ሆነ?» ስትለኝ አሁን መልስ አለኝ።

ሦስተኛው ምክንያት ትንሽ የሚያሳፍር ነው። መዝገቡን እንደገና መሥራት ነበረብኝ። ስልኬ ላይ የቀሩትን የባንክና የቴሌብር መልእክቶች ሰበሰብኩ፤ ባንክ ሄጄ የሂሳብ መግለጫ አሳተምኩ፤ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ከእማዬ መሳቢያ አወጣሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ግኑካሽ የገባውና የወጣው ካልተመጣጠነ ልዩነቱን ዝም ብሎ አያልፍም። «ኢምባላንስ» የሚል ሂሳብ ራሱ ይከፍትና እዚያ ያስቀምጠዋል። ከባንክ የወጣ፣ የት እንደገባ ግን ያላስታወስኩት ገንዘብ ሁሉ እዚያ ተጠራቀመ። በመጨረሻ 6,850 ብር ቀረ። የቻልኩትን አሰብኩ። የለም።

ይህን ቁጥር «ልዩ ልዩ ወጪ» ብዬ ልሸፍነው እችል ነበር። ማንም አያውቅም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንድ ሌሊት አስቤበታለሁ። ከዚያ ሪፖርቱን እንዳለ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ደወለች። «ይቺ 6,850 የምትለዋ ምንድን ናት?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። ዝም አለች። «እሺ፤ ሥራ ስትይዝ ትከፍላታለህ» አለችና ስለ እማዬ ጤንነት ጠየቀችኝ። ዕዳዬ አሁንም መዝገቡ ላይ አለ፤ «ለእህቴ የሚከፈል» በሚል ስም።

ለኛ አገር ሰው የሚጎድለው

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ግኑካሽ በውጭ አገር ከአንዳንድ ባንኮች ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ለምሳሌ ጀርመን ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ መንገድ አለ። የኔ ባንክ ሂሳብ ግን በዚያ መንገድ አይገናኝም። እያንዳንዱን በእጄ ነው የምጽፈው። ቀን ቀን ስልኬ ላይ አጭር ማስታወሻ እይዛለሁ፤ እሑድ ማታ ወደ ላፕቶፑ አስገባለሁ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ብቻ ነው። ጳጉሜንን ከየት ያምጣት? ሪፖርት ስታወጡ ግን መነሻና መድረሻ ቀኑን ራሳችሁ መስጠት ትችላላችሁ። እኔ የዓመቱን ሂሳብ የምጀምረው ከመስከረም 1 ነው። አማርኛ ለመጻፍ አይቢየስ የሚባለው የሊኑክስ የመጻፊያ ስርዓት ላይ የአማርኛውን ሴራ መጨመር ይበቃል። የሂሳቦቼን ስም ሁሉ በአማርኛ ነው የሰየምኩት።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? ደብተር አይበቃም?» የምትሉ አትጠፉም። ለብዙዎቻችን ይበቃል! ገንዘባችሁ የራሳችሁ ብቻ ከሆነና በወር አሥር ነገር የምታወጡ ከሆነ ደብተር ይያዙ። ደብተር የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ በማንም ፈቃድ አይዘጋም። በሊብሬኦፊስ ሰንጠረዥም መሥራት ይቻላል፤ አንዱን ሳጥን በስህተት ብትነኩት ግን ድምሩ ተሳስቶ ሳይነግራችሁ ሊሄድ ይችላል። የሌላ ሰው ገንዘብ ሲያዝ ነው ነገሩ የሚለወጠው። የዕቁብ ሰብሳቢ፣ የክበብ ገንዘብ ያዥ፣ የቤተሰብ አደራ ያለበት ሰው ከራሱ ትዝታ የተሻለ ምስክር ያስፈልገዋል።

ለክፍላችን አንድ ሐሳብ

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገ የመሥሪያ ቤት በጀት ይዘን ኃላፊ ፊት እንቀመጣለን። «ገንዘቡ የት ገባ?» ብለን እንጠይቃለን። የራሳችንን 500 ብር የት እንደገባ ሳናውቅ ይህን ጥያቄ የምንጠይቀው በምን አፋችን ነው? እኔ የኦዲት ዜና ሳነብ ድሮ ቁጥሮቹን ዘልዬ ነበር የማነበው። አሁን መጀመሪያ የማየው ያልተወራረደው የትኛው እንደሆነ ነው። ይህን ያስተማረኝ የራሴ 6,850 ብር ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በክፍላችን የኮምፒዩተር ላብራቶሪ ውስጥ ሆምባንክና ግኑካሽ ይጫኑ። ሁለቱም ዊንዶውስ ላይም ይሠራሉ፤ ማሽኖቹን መቀየር አያስፈልግም፤ ክፍያም የላቸውም። ከመምህራኖቻችን አንዱ ወይም ከሒሳብ አያያዝ ክፍል የሚመጣ ተማሪ አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ቢያስተምረን ይበቃል። የክበባችን የመዋጮ ሂሳብም በዚያው ተይዞ በየሴሚስተሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ እንዴት ጥሩ ነበር!

እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። ሂሳባችሁን የምትይዙበትን ማንኛውንም ነገር፣ የስልክ አፕም ይሁን የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ ክፈቱና ውስጡ ያለውን ሁሉ አውጥታችሁ በሌላ ፕሮግራም ለማንበብ ሞክሩ። ከወጣ ደግ ነው፤ ቀጥሉበት። ካልወጣ ግን እኔ የደረሰብኝ ሳይደርስባችሁ፣ መዝገቡ ገና ትንሽ ሳለ አሁኑኑ ገልብጡት። እህት የምትደውልበትን ቀን ማንም አያውቅም።

የተለየ አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይ ኬማይመኒን የምትወዱ፣ በሚቀጥለው እትም ጻፉልኝ። ቸር እንሰንብት።